ሰናይት የለመነችኝ ስም

ይህን የምጽፈው ሃይማኖት ላስተምር አይደለም። ለማስተማርማ ከእኔ የተሻሉ ሞልተዋል፤ እኔ መጋረጃ ሻጭ ነኝ። የምጽፈው አንድ ቅዳሜ ጠዋት በገዛ እጄ ያደረግሁትን ነገር ለብቻዬ ይዤው መኖር ስላቃተኝ ነው። አንብባችሁ ብትናደዱብኝ አልቀየምም፤ እኔም በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት ገና አልበረደልኝም።

ታደለች እባላለሁ፤ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ነኝ። አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ተማርኩት፤ ያጣራሁት ግን እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ከከምባታው፣ ከጉራጌውና ከጎጃሜው ጋር ስሻሻጥና ስጨቃጨቅ ነው። መሀል ከተማ፣ የእኛ ሰዎች በሞሉት ሕንፃ ውስጥ፣ መጋረጃና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ባል ነበረኝ፤ አሁን የለም፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበሩ ጴንጤነቴ የተወለድኩበት ነው። እዚህም የጉባኤያችንን የሴቶች ጸሎት ቡድን የምመራው እኔ ነበርኩ። ድምፄ ትልቅ ነው። ስጸልይ ከላያችን የሚኖሩት ናይጄሪያውያን አሜን ይሉልሻል እያለች አብራኝ የምትኖረው ሰናይት ትስቅብኝ ነበር።

ሰናይት የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ በስድስት ዓመት ታንሰኛለች። ቤሪያ በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሰፊ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፍለን አብረን እንኖር ነበር። መጋረጃው ከእኔ ሱቅ የመጣ ነው፤ ኪራዩን እኩል ነበር የምንከፍለው። ባሏ ጌታነህ ከከተማው ወጣ ባለው ቶኮዛ፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ያድራል፤ ዘረፋና ረብሻ ስለሚፈራ እርጉዝ ሚስቱን እዚያ ለማኖር አልደፈረም። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ይመጣና ዘይትና ሩዝ ጭኖላት ይመለሳል።

በእሷ ወገን ባለው ግድግዳ የማርያም ሥዕል ተሰቅሏል፤ በእኔ ወገን ጥቅስ ያለበት ካላንደር። እኔ የምሠራው ሥጋ በጾም ቀን ሲሸታት መስኮት ከፍታ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች፤ እኔም ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ በይ ግቢ፣ ሽታ አያስገድፍም እላታለሁ። እንዲህ እየተነካካን እንዋደድ ነበር። አንድ ቀን ጌታ ያገኝሻል ስላት፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ፣ "እኔ መቼ ጠፋሁበት?" አለችኝ።  ግን በልቤ ተስፋ አልቆረጥኩም፤ እሷን ለጌታ ማግኘት የጸሎት ርዕሴ ነበር። የቡድኑ ሴቶች ሁሉ ስሟን ያውቁታል።

አሁን አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ የምታውቁት እለፉት። በእነሰናይት አገር ሴት ምጥ ሲይዛት በቤቱ ያሉት ሴቶች ሁሉ ይቆሙና "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። እስክትወልድ አያቋርጡም። ሲወለድ እልል ይባላል፤ ከዚያ የሚገባው ሰው ሁሉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይላታል። የእኛ ሰፈር ሴት ደግሞ ስታምጥ የጌታን ስም ነው የምንጠራላት፤ ስትገላገልም እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ እንላታለን። ሌላ ስም በዚያ ሰዓት መጥራት እኔ ባደግሁበት ቤት ቀልድ አይደለም። ከአምላክ ጋር ሌላ መደረብ ነው፤ በዚያ በጭንቅ ሰዓት የእሱን ፊት ማዞር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ አምኜበትም ነው ያደግሁት።

ሰናይት እናቷ ሞታባታለች። እዚህ እህት የላት፣ አክስት የላት። ስምንተኛ ወሯ ላይ፣ እግሯ አብጦ ባልዲ ውስጥ ነክራው ሳለ፣ ምጡ ሲመጣ ማርያም ትይልኛለሽ አይደል ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ኢየሱስን እልልሻለሁ፤ እናቱ በልጇ ትቀናለች ብለሽ ነው ብዬ ሳቅሁባት። እሷም ሳቀች። ጥያቄው የእውነት እንደነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ለሥራ ልወጣ ቦርሳዬን ይዤ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ጠራችኝ። ውኃው ፈሶባታል። ቀኗ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። አምቡላንስ ደወልኩ፤ ወረፋ አለ፣ ጠብቁ ተባልኩ። ጠበቅን። ጌታነህ ጋ ደወልኩ፤ መኪና ፈልጎ እየመጣ ነው፣ ግን ከቶኮዛ እስኪደርስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ነው። ምጡ እየቀረበ እየቀረበ መጣ። እንደገና ደወልኩ፤ ያው ወረፋ። በሦስተኛው ላይ ስልኩን ዘግቼ፣ ተነሺ፣ በእግራችን እንወርዳለን፣ ታች ታክሲ እንይዛለን አልኳት።

የሕንፃችን ሊፍት ከሞተ ቆይቷል። በዚያ ላይ መብራት የጠፋበት ሰዓት ነው፤ ደረጃው በቀን ጨለማ ነው። አንድ ክንዷን በአንገቴ ዙሪያ አድርጌ፣ በሌላው እጄ የስልኬን መብራት ይዤ መውረድ ጀመርን። ሦስት ደረጃ ወርደን እንቆማለን፤ ምጡ ሲለቃት እንቀጥላለን። ከሰባተኛ ስድስተኛ ፎቅ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ሳይፈጅብን አልቀረም። እኔ እጸልያለሁ፤ በዚያ በትልቁ ድምፄ። ደረጃው ድምፄን መልሶ ያመጣልኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝም ነበር። ብርቱ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር።

አምስተኛው ፎቅ ስንደርስ ከዚያ በላይ መሄድ አቃታት። ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራተተችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ላቧ በፊቷ ይወርዳል። ስልኩን እንዳበራ ደረጃው ላይ አቆምኩት፤ አንድ እጄን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገብቷል።

"ታዱ፣ ማርያም በይልኝ" አለች።

"በኢየሱስ ስም ትወልጃለሽ" አልኳት።

"እሺ፤ እሱንም በይ። ማርያምንም በይልኝ።"

እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ የራሴን ቀጠልኩ። እሷም የራሷን ጀመረች፤ ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም፣ ብቻዋን፣ ትንፋሽ እያጠራት። በጨለማው ደረጃ ላይ ሁለታችን የምንሽቀዳደም መሰልን። ከዚያ አንድ ከባድ ምጥ መጣባትና ጮኸች፤ ሆዷ ድንጋይ ሆነ፤ እኔም ፈራሁ። ያን ጊዜ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው ነገር ይህ ነው፤ ይህች ልጅ ጌታን ታስቀይማለች፣ ፊቱን ያዞርባታል፣ በእጄ ላይ ትሞታለች። በክፋት አልነበረም። ክፋት ቢሆን ኖሮ ዛሬ መናዘዙ ይቀለኝ ነበር።

መዳፌን አፏ ላይ አደረግሁት።

አጥብቄ አልያዝኩትም። ግን ዘጋሁት። "የጌታን ስም ጥሪ" አልኳት። ከመዳፌ ሥር ከንፈሯ ያንኑ ስም ሲል ይሰማኛል። ዓይኗ በስልኩ መብራት ታየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት እመርጥ ነበር። እንደማታውቀኝ ሆና ነበር ያየችኝ። እጇን ከእጄ አላቀቀች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስንት ሰከንድ እንደቆየ አላውቅም። ከታች የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ ጩኸቱን ሰምተው ከአራተኛ ፎቅ ማማ ቤያ እየወጡ ነበር። ማማ ቤያ ኮንጓዊት ናቸው፤ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቤታቸው ጠጉር የሚሠሩ፣ ካቶሊክ። እስከዚያን ቀን ደረጃ ላይ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። ሁኔታውን አንድ ጊዜ አይተው ሻማቸውን ደረጃው ላይ አቆሙና ቁጭ አሉ። መቁጠሪያቸውን ከአንገታቸው አውልቀው በእጃቸው ጠመጠሙት፤ ከዚያ በፈረንሳይኛ ይሁን በሌላ፣ የማላውቀውን ጸሎት ጀመሩ። ከመሀሉ አንድ ቃል ብቻ ነበር የምንለየው፤ "ማሪ"።

ሰናይት ያን ቃል ስትሰማ ከግድግዳው ዞረች። የማታውቃቸውን፣ ቋንቋቸውን የማትሰማውን ሴትዮ ቀሚስ በሁለት እጇ ጨመደደች። እሳቸው "ማሪ" ሲሉ እሷ "ማርያም" ትላለች፤ እያፈራረቁ፣ አብረው ያደጉ ይመስል። እኔ ከጎን ስልክ ይዤ አበራለሁ። 

ማማ ቤያ ልጅ ማዋለድ ያውቁ ነበር። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛቸው ይህን ያዢ፣ እዚህ ተቀመጪ ይሉኛል፤ እታዘዛለሁ። ልጅቷ በዚያው በአምስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተወለደች። ትንሽ ቆይታ አለቀሰች። እትብቷን አልቆረጡትም፤ እንደዚያው እናቷ ደረት ላይ አስተኝተው በእኔ ጃኬት ሸፈኗት። እልል የሚል ሰው አልነበረም። 

ከዚያ ደሙ መጣ።

መጀመሪያ ያለ ነው ብዬ ነበር። ማማ ቤያ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ሆዷን በመዳፋቸው ያሹ ጀመር፣ በኃይል፣ እየቆጠሩ። ጭንቅላቷን ያዢ፣ አነጋግሪያት፣ እንዳትተኛ አሉኝ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ሰናይት፣ ሰናይት እላለሁ። ከንፈሯ ነጣ። አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ አየችኝና መልሳ ከደነች። ጠራኋት፤ አልመለሰችም። ጉንጯን መታ መታ አደረግሁ፤ ምንም።

በሃያ ዓመት የጸሎት ሕይወቴ ቃል አጥቼ አላውቅም። በዚያች ደቂቃ አጣሁ። አፌን ስከፍት የወጣው ማርያም የሚለው ነው። ማርያም፣ ማርያም፣ ማርያም። አስቤው አይደለም፤ ወስኜም አይደለም። ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ ብዬ፣ እየጮህኩ፣ እያለቀስኩ፣ የለመነችኝን አልኳት። ማማ ቤያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ማሸታቸውን ቀጠሉ። ሰናይት አልሰማችም። ለመስማት የምትችልበት ጊዜ አልፎ ነበር።

የበሩ ዘበኛና ሁለት ጎረቤቶች በብርድ ልብስ ተሸክመው አወረዷት። መንገድ ላይ የቆመው ሚኒባስ ታክሲ ሰው ሞልቶ ሊነሳ ነበር፤ ሹፌሩ አንድ ጊዜ ሲያያት ሁሉም ውረዱ አለ፤ ወረዱም። አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሆስፒታል ስንደርስ ከእጄ ተቀብለው በሩን ዘጉት፤ ልጅቷንም ወሰዷት። እኔና ማማ ቤያ ደም በደም እንደሆንን ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ቀረን።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። አንዲት ነርስ ወጥታ ደም እየሰጧት እንደሆነ ነገረችን፤ ትተርፋለች አላለችም። ማማ ቤያ መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ ቆይተው፣ አንቺ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነሽ አሉኝ። ነገርኳቸው። የእናንተ ሰዎች ማሪን አይጠሩም አይደል አሉ። አንጠራም አልኩ። መቁጠሪያቸውን በእጃቸው ሰብስበው፣ እኔ አገሬን ለቅቄ ስወጣ እናቴን ቀብሬ አልነበረም፣ ትቻት ነው የወጣሁት፤ በጨነቀኝ ጊዜ ብቻዬን የትልቅ ሰው በር ማንኳኳት እፈራለሁ፤ አብራኝ እንድታንኳኳ ነው ማሪን የምጠራት አሉኝ። ለዚህ የሚሆን ጥቅስ ነበረኝ። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል መካከለኛው አንድ ክርስቶስ ብቻ ነው በሚለው ላይ የማውቀው ሁሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዛሬም አምንበታለሁ። ግን መዳፌ ላይ የሰናይት ትንፋሽ ገና እንዳለ ነበር፤ ጥቅሱን ዋጥኩት።

ስምንት ሰዓት ገደማ ከጸሎት ቡድኔ ሁለት እህቶች መጡ፤ በስልክ ሰምተው ነው። ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው ያዙኝ። ወዲያው ጌታነህ ደረሰ። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት፣ ሌላ ለምኖ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። አሁንም ውስጥ ናት አልኩት። ልጅህ ደህና ናት አልኩት። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ፣ ልክ የአገሩ ሰው እንደሚጠይቀው፣ "ማን ነበር ማርያም ማርያም ያለላት?" አለኝ።

እህቶቼ አዩኝ። እኔ ብያለሁ ብለው አልጠረጠሩም፤ ያዩኝ ምን ትመልስለታለች ብለው ነው።

"ማማ ናቸው" አልኩት።

ሄዶ እጃቸውን ሳመ። ጎንበስ ብሎ በሁለቱም እጁ ይዞ ሳመ። ማማ ቤያ በትከሻው ላይ አሻግረው እኔን እያዩኝ ነበር። አማርኛ አይሰሙም፤ ግን የሆነው የገባቸው ይመስለኛል።

አሥር ሰዓት ላይ ሐኪሙ ወጥቶ ደሙ ቆሟል አለን። ጌታነህ መሬት ላይ ተቀመጠ። እህቶቼ ሃሌ ሉያ አሉ። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ፤ ብዙ ታጠብኩ።

ሰናይት ስድስት ቀን ተኛች። በሦስተኛው ቀን ገባሁ። ነጭ ሆናለች፤ ልጇ ክንዷ ላይ ናት። ከእኔ በፊት የገቡት ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለዋታል። እኔ እንኳን ለዚህ አበቃሽ አልኩ። አመሰገነችኝ፤ ተሸክመሽ አወረድሽኝ አሉኝ፣ ውለታሽን አልረሳም አለች። እንደ እንግዳ አመሰገነችኝ። ይቅርታ ልላት አስቤ ነው የሄድኩት፤ ምስጋናዋ አፌን ያዘኝ። ስትወጣም ወደ ቤሪያ አልተመለሰችም። ጌታነህ ቶኮዛ፣ ከሱቁ ጀርባ፣ አንድ ክፍል ተከራይቶላታል። ዘረፋው እያለ፣ ያን ሁሉ ፍርሃቱን ውጦ። ዕቃዋን ሲጭን ሥዕሉን ከግድግዳ ያወረድኩለት እኔ ነኝ።

ወደ ጉባኤያችን ሽማግሌ ወደ ጋሽ ማቴዎስ ሄጄ ተናዘዝኩ። ጥሩ ሰው ናቸው። ማርያምን መጥራቴን ስነግራቸው አዘኑልኝ፤ ከጭንቀት የተነሳ ነው ልጄ፣ ጌታ ያውቃል፣ ይቅር ይላል አሉ፤ ጸለዩልኝም። መዳፌንም ነግሬያቸው ነበር። ስለ መዳፌ ምንም አላሉም፤ የሰሙም አልመሰለኝም። ወጥቼ ፎርድስበርግ ሰፈር ድረስ በእግሬ ስሄድ ነው የተናደድኩት። ይቅርታ የሚያስፈልገኝ ለዘጋሁት አፍ ነበር፤ የተሰጠኝ ግን ላልተጸጸትኩበት ነገር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቡድኑን መምራት ተውኩ። ጉባኤዬን አልለቀቅሁም። ዛሬም ስጸልይ የምጠራው አንድ ስም ነው፤ እንዲህ ስለሆንኩ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም አይፍረድብኝ። ብቻ ሰው ሲጸልይ ቃሉን ማረም አቁሜያለሁ።

እናንተ የምታነቡ፣ ከየትኛውም ወገን ሁኑ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኔ በየሳምንቱ ተነሥቼ "ወገኖች፣ ጸልዩልኝ" የምል ሴት ነኝ። አንድም ቀን ለምን ራስሽ ጌታን ቀጥታ አትጠይቂውም ያለኝ የለም። ታዲያ ያቺ ልጅ በጨለማ ደረጃ ላይ፣ እናት በሌላት አገር፣ ስትለምነኝ፣ የነገረ መለኮት ጥያቄ ነው ብዬ የሰማሁት ምን ነክቶኝ ነው? ሰዎች በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ሲለምኗችሁ የሚሉትን ነው የምትሰሙት ወይስ የተማራችሁትን? እኔ መልሴን አውቄያለሁ፤ አላኮራኝም።

ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ጌታነህ ደውሎ ጠራኝ። ሰናይት ታውቃለች ወይ አልኩት፤ እሷ ናት ደውል ያለችኝ አለ። ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጥግ ላይ፣ ጫማዬን ላውልቅ አላውልቅ እያልኩ ቆምኩ። ሲያልቅ ነጭ ለብሳ፣ ልጇን አቅፋ፣ ብቻዋን መጣች። ከስታለች። ክፉ ቀን ያየ ሰው ፊት አላት።

ዛሬ ካልነገርኳት መቼም አልነግራትም ብዬ፣ ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳልሰጥ፣ መዳፌን ይቅር በይኝ አልኳት።  ከዚያ የቀረውን ነገርኳት፤ አንቺ ዓይንሽን ከከደንሽ በኋላ ብዬልሻለሁ፣ ጆሮሽ ላይ፣ እየጮህኩ ብዬልሻለሁ፤ ባልሽ ሲጠይቀኝ ግን ሰው አፍሬ ካድኩ አልኳት።

ልጇን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።  ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ወይም ትስቃለች፣ እንደ ድሮዋ ትቀልድብኛለች ብዬ ነበር።

"ብሰማሽ ኖሮ" አለች፣ "እንደዚያ አልፈራም ነበር።"

ይህን ብላ ወደ ሰዎቹ ተመለሰች። ምሳ አብረሽን ብዪ ብለውኝ ነበር፤ በላሁ። ጌታነህ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ወደ ቤሪያ ስመለስ ደረጃውን ወጣሁ፤ አምስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ አልቆምኩም፤ እስካሁንም ቆሜበት አላውቅም።